ጥፍሬና የጣሊያኑ ሐኪም

ሰኞ

ትናንት ማሕሌት አቋርጬ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ስቆም እንዲህ ሆኜ አላውቅም። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር እንደ ቀንድ ወፍሯል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ጫፉ ይፈረፈራል፣ ሥሩ ሥጋዬን ይወጋኛል። ፌጦ አሰርሁበት። ቅቤ ቀባሁ። ጠበል ተጠመቅሁ። ምንም።

ባለቤቴ የሻረግ፣ "ከጣሊያኑ ሐኪም ይሂዱ እንጂ፣ መሪጌታ" አለችኝ። ወንድሜ አያሌው ጫካ ገብቶ ጣሊያንን ሲዋጋ እኔ እግሬን ለጣሊያን ልሰጥ? ፌጦውን ደግሜ አሰርሁት።

ማክሰኞ

ሄድሁ። ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በጓሮ ዞሬ።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው። ሥራዬን በአስተርጓሚው ጠየቀኝ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ያንን የጭቃ እግሬን በሳሙና አጠበው! እኔ የማውቀው የጸሎተ ሐሙስን እጥበት ነው፣ እሱም በካህን እጅ። የጠላት እጅ ነው እያልሁ ለራሴ ብነግረውም እንባዬ መጣ። አፈርሁ።

ጥፍሬን ፋቀ፤ ብናኙን መስተዋት ላይ አድርጎ አንዳች ውሃ ጠብ አደረገበት። "ነገ ይምጡ፣ የሚያሳዩዎት ነገር አለ ይላሉ" አለኝ አስተርጓሚው።

ረቡዕ

ምን ብዬ ልጻፈው!

የነሐስ ቧንቧ ያለው መነጽር ነው። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ አልሁ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ሐኪሙ አንዲት ነገር ቢያዞር ተከፈተልኝ፦ ክሮች፤ እንደ ብርጭቆ የጠሩ፣ እንደ ሐረግ የተጠላለፉ፣ ቅርንጫፍ ያወጡ።

"ምንድን ነው?"

"ሻጋታ ነው ይላሉ። ጥፍርዎን እየበላ የሚኖር።"

"ሕይወት አለው?"

"አለው" አለና አስተርጓሚው ከራሱ ጨመረ፣ "ከእርስዎ ጋር ማሕሌት ሲቆም ኖሯል።"

በየቀኑ "ዘያስተርኢ ወዘኢያስተርኢ" እላለሁ፤ የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ። የማይታየው መልአክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሦስቴ መልሼ አየሁ። እግዚአብሔር በጥፍር ውስጥ ደን ይተክላል!

በቆርቆሮ ቅባት ሰጠኝ። ጧትና ማታ መቀባት፣ በጨርቅ ማሰር፣ እግር ማድረቅ። ጥፍሩ ሲለሰልስ ያነሣዋል።

ቅዳሜ

የአያሌው ሚስት ለገበያ መጥታ ቤት ገባች።

"አያሌው ሰምቷል" አለችኝ።

ባንዳ ብሎኛል ብዬ ነበር።

"ምን አለ?"

"መድኃኒቱ እውነት ከሆነ ይላክልኝ ነው ያለው። ጭቃው ጫካ ያሉትን ሁሉ እግራቸውን ጨረሰው፣ ጥፍራቸው እየወለቀ ነው፣ መሪጌታ።"

ከግማሽ በላይ በትንሽ ቅል ገልብጬ ሰጠኋት። የእነሱ እግር ሕመም የእኔው ዓይነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የሻረግ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየኛለች።

ሰኞ

ቅባቱን ከጀመርሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፤ ጥፍሩ ተነሣ! አላመመኝም ማለት ይቻላል። ከሥሩ ያለው ሥጋ የአራስ ልጅ ገላ ይመስላል። አዲሱ እስኪበቅል ዓመት ይፈጃል አለ ሐኪሙ። ዓመት!

ከዚያ ይዤው የሄድሁትን፣ ሊያልቅ የደረሰውን ቆርቆሮ አየ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

"ይህ ለአንድ ጣት የወር ነበር ይላሉ።"

ሐኪሙ እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ። በሩን አየ። በዝግታ አንድ ነገር ተናገረ።

"መሪጌታ ብዙ ጣት አላቸው መሰለኝ ይላሉ።"

ሦስት ቆርቆሮ ከመሳቢያ አውጥቶ በጨርቅ ጠቀለለና በእጄ አስጨበጠኝ። አውቆ ይሆን? ወይስ ሽማግሌ ቀልዶ ነው? ነገ ወታደር ይልክብኝ ይሆን? እስካሁን አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። የሻረግ ቆርቆሮዎቹን ጤፍ ውስጥ ቀበረቻቸው።