ያልቀየርኩት መጨረሻ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ግንቦት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ዝዋይ ሲደርስ ደህና ሆነህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ድምፅህ ደከም ብሎብኝ ነበርና እባክህ እውነቱን ጻፍልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ቢያስቸግረውም ለመጻፍ ገና አልሰነፈም። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ የሰፈራችን የማንያታ መንገድ ጭቃ ሆኖ ቦዳቦዳ ነጂዎቹ ሞተራቸውን እየገፉ ነው የሚሄዱት።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። መጽሐፌ ታተመ።

አዎ፣ ያ “የት ደረሰ?” ባልከኝ ቁጥር “እየጻፍኩ ነው” የምልህ ልብ ወለድ። ሽፋኑ ላይ ስሜ ከነአባታችን ስም በትልቁ ተጽፏል። ካርቶኖቹ ከአዲስ አበባ እስከ ወዲያኛው፣ እስከ ኢትዮጵያው ሞያሌ በጭነት መኪና መጡ፤ ወደዚህ ያሻገረችልኝ ጎረቤቴ ሀቢቦ ናት፣ ከወዲያ ጨርቅ እያመጣች የምትነግደው። ኬላው ላይ ፖሊሱ ምን እንደያዘች ሲጠይቃት “ኪታቡ ነው፤ የእኛ ሰፈር ልብስ ሰፊ የጻፈችው” አለችው። ሰውዬው አላመናትም። አንዱን አውጥታ ስሜን በጣቷ እያሳየች አነበበችለት። ወንድም ጋሼ፣ ስድሳ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ደንበኛ ሲጠፋ በስፌት መኪናዬ ላይ ደብተር እየዘረጋሁ ነው የጻፍኩት። ከጻፍኩት የቀደድኩት ይበልጣል። መጀመሪያ ያማሩ ቃላት እየፈለግሁ ሐይቁን “መስታወት” ብዬው ነበር። በኋላ ሳነበው አፈርኩ። ለእኔና ለአንተ ሐይቁ መቼ መስታወት ሆኖ ያውቃል? የሥራ ቦታችን ነበር። ሰረዝኩትና መረብ ሲጎተት መዳፍ ላይ የሚተወውን ሰንበር ጻፍኩ፤ ቆሮሶ ዓሣ ጀልባው ወለል ላይ ሲንፈራገጥ የሚያሰማውን ድምፅ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ታሪኩ ነፍስ ዘራ።

እጄም እንዳይረሳ አጠምዳለሁ። አትሳቅ! ሀልካኖ የሚባል ከብት አርቢ ደንበኛ አለኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦሪ በሚባለው ቦታ፣ እሱ ሰፈር ትልቅ ኩሬ አለ። የሰርካሊ፣ የመንግሥት ማለቴ ነው፣ ሰዎች አንድ ጊዜ መጥተው አምባዛ ጨምረውበት ሄደዋል፤ በሰፈሩ ግን ዓሣ የሚበላ የለም። እሁድ እሁድ በቦዳቦዳ እሄድና ግመሎቹ ከወዲያ ሲጠጡ እኔ ከወዲህ መንጠቆዬን እጥላለሁ። ሀልካኖ “እኔ ሥጋ እሰጥሻለሁ፤ ይህን የውሃ እባብ ተይው” እያለ ይለምነኛል። አንተ “ሲነካካ አትጎትቺ፣ እስኪውጠው ጠብቂ” እንዳልከኝ እጠብቃለሁ። አንድ ምዕራፍ እምቢ ካለኝም ደብተሬን ቤት ትቼ እዚያ ሄጄ እቀመጣለሁ።

ማሳተሙ ከመጻፉ ባሰ። አንዱ አሳታሚ ረቂቁን ጣለው። ሌላው ኬንያ ተቀምጦ የተጻፈ አማርኛ ማን ይገዛል አለኝ። ሦስተኛው ግን አስጠራኝ፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። አርታኢው ልጄ የሚሆን ትሑት ሰው ነው፤ ሁሉንም አንብቦታል። “በጣም ወድጄዋለሁ፤ መጨረሻው ግን ይቀየር” አለኝ።

መጨረሻውን ልንገርህ። ነፋስ ሲነሳ የልጅቷ ወንድም “ዛሬ እንዳትወጡ” ብሎ ይከለክላል። ልጅቷ ግን የጣለችው መረብ እንዳይጠፋባት ጓደኛቸውን “ፈራህ እንዴ?” ብላ ይዛው ትወጣለች። ጀልባው ይገለበጣል። እሷ ትተርፋለች፣ ልጁ ይሞታል። ወንድሟ ዳር ላይ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት “እኔ ነኝ የላክኋቸው” ይላል፤ እሷም ዝም ትላለች። ያን ዝምታ ይዛ ትማራለች፣ ታገባለች፣ ትሰደዳለች። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ካረጀች በኋላ፣ ለሟቹ እናት እውነቱን ትናገራለች።

አርታኢው “ይህን ምዕራፍ እናውጣው፤ በእውነትም የላካቸው ወንድሟ ይሁን። አንባቢው ልጅቷን ወዷታል፤ ይህን ካወቀ አይምራትም” አለኝ።

“እንዲምራት ብዬ አልጻፍኩትም” አልኩት።

“አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ለመስከረም ይወጣልዎታል” ብሎ ለመነኝ። አልዋሽህም፣ ልቤ ተንገዳገደ። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ግን ያን ወንድም አንድ ጊዜ ጥፋቱን ያሸከሙት ሳይበቃ፣ አሁን ደግሞ በእኔ እጅ፣ በእኔ ብዕር? ረቂቁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፤ በሻርፔ ጠቀለልኩት፤ አመስግኜው ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ሻሸመኔ አለቀስኩ። ከሻሸመኔ ወዲህ ግን ቀና ብዬ ነው የመጣሁት። ሞያሌ እንደገባሁ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቼ አንዱን ሸጬ በአንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አሳተምኩት፤ ከመጨረሻው ምዕራፍ አንዲት ቃል አልተነካም።

ሀቢቦ አማርኛ አሳምራ ትናገራለች፣ ማንበቡ ግን ያዳግታታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሱቄ እየመጣች እኔ አነበብኩላት። የጨረስን ቀን መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው። ከዚያ “ይህች ልጅ አንቺ ነሽ?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ጨርቅ መቁረጤን ቀጠልኩ። ደግማ አልጠየቀችኝም። “ወንድምየውስ፣ በሕይወት አለ?” አለችኝ። አለ አልኳት። “እናትየዋስ?” እሳቸውም አሉ አልኳት። “ታዲያ ለእኔ ምን ታነቢልኛለሽ? ለእናትየዋ ላኪላት እንጂ!” ብላ ተቆጥታ ተነሳች።

ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት አንተን ነው። የሞተው ጓደኛችን የፉፋ እናት በደጅህ ሲያልፉ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ እየሳቅህ ነግረኸኛል። በፉፋ ተዝካር ከበር መልሰውህ ነበር። ልታገባ ሽማግሌ ብትልክ የፈለግሃት ልጅ ቤተሰቦች፣ “ሰው ሐይቅ ውስጥ ለላከ ልጃችንን አንሰጥም” ብለው መለሱብህ። አርባ አንድ ዓመት! አንድም ቀን፣ በስልክም በደብዳቤም፣ ያን ቀን አንስተህብኝ አታውቅም። እኔ በሰው አገር ስለ መጽሐፌ ስኮራ፣ ከመጽሐፉ በፊት የምኮራው በአንተ እንደሆነ እወቅልኝ።

አሁን የምነግርህ እንዳያስቆጣህ። የመጀመሪያውን ቅጂ ለአንተ አልላክሁትም። ባለፈው ማክሰኞ ለፉፋ እናት ልኬዋለሁ። የልጅ ልጃቸው አስተማሪ እንደሆነች ነግረኸኝ ነበር፤ “የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቀድመሽ አንብቢላቸው፤ ልብ ወለድ ነው ብለሽ ግን አታንብቢላቸው” ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ ከመጽሐፉ ጋር አድርጌዋለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ሰምተው ይሆናል። አስቀድሜ ያላማከርኩህ እንደምትከለክለኝ ስለማውቅ ነው።

ምን እንደሚሉ አላውቅም። ቢረግሙኝ መብታቸው ነው። ወደ አንተ ደጅ ከመጡ ግን በሩን ክፈትላቸው፤ እንደ ልማድህም ለእኔ እንዳትሸፋፍንልኝ። የበዓል ልብስ ያዘዙኝን ደንበኞች እንደጨረስኩ በሰኔ እመጣለሁ። እንዳትቀየመኝ፣ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ መጀመሪያ የምገባው እሳቸው ቤት ነው፤ ካስገቡኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ሰላም የሚልህ ሰው ከደጅህ አይጥፋ፤ የቀረውን ዘመንህን ቀና ብለህ የምትሄድበት ያድርግልህ።

እስክንገናኝ በናፍቆት፣
ታናሽ እህትህ