በባለቤቴ ጉበት ላይ ስለቀረበው ክስ

ለተከበሩ አቶ መብራህቱ
የአፍንጮ በር ግቢያችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ጉበትዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ስሆን፣ ከባለቤቴ ከዓለምጸሃይ ጋር የምኖረው ቤት ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ይህን ደብዳቤ በግቢው በር ላይ የለጠፍኩት ሦስቱ ማመልከቻዎቼ ከፋይልዎ ስላላለፉና አቤት እያልኩ እስከ ቸርችል ጎዳና ድረስ ባሉ መሥሪያ ቤቶች መመላለሱ ስለደከመኝ ነው።

፩. ኮሚቴው የግቢውን ትኋን ለማጥፋት ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አስገዝቶ፣ ግድግዳው ላይ እንዲቆይ በናፍጣ አስበጥብጦ፣ አልጋችን ሥር ድረስ ስላስረጨልን ባለውለታችን ነው። ትኋኖቹ በሦስተኛው ቀን ተመልሰዋል፤ ባለቤቴ ከሆስፒታል የተመለሰችው ግን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

፪. ምራቋና ላቧ አልቆም ሲል ረጪዎ ወተት እንድትጠጣ ስለመከሩን እናመሰግናለን። ወተቱን አምኜ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ቤት አስቀመጥኳት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አስተማሪ ሆኜ ማወቅ ነበረብኝ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

፫. ሐኪሟ በማስረጃው ላይ፣ እንዲህ ያለው መርዝ ጉበት ውስጥ ሲደርስ ተለውጦ ይበልጥ እንደሚበረታ ጽፈው ነበር። ኮሚቴው ይህን አንብቦ፣ መድኃኒቱ ከመጋዘን ሲወጣ ደህና እንደነበረና ጥፋቱ የወይዘሮ ዓለምጸሃይ ጉበት እንደሆነ በቃለ ጉባኤ መወሰኑን ሰማሁ። በሠላሳ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከመጨረሻው ወንበር እንኳ እንዲህ ያለ መልስ አልመጣልኝም። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ቢያነቡት ኖሮ፣ መርዙን ሰባብሮ የሚያስወጣውም፣ መርዙ የጨረሰውን የደም ኢንዛይም እንደገና የሚያመርተውም ያው ጉበት እንደሆነ፣ ለዚህም ሳምንታት እንደሚያስፈልጉት ያገኙት ነበር።

እርስዎ የሰጡት ግን አምስት ቀን ነው። ሁለተኛው ርጭት የፊታችን ረቡዕ እንደሚካሄድ ማስታወቂያዎ ይናገራል። ክቡር ሰብሳቢ፣ ዓለምጸሃይ ከአልጋ እስከ በር የምትሄደው አሁንም ግድግዳ ተደግፋ ነው። ሁለተኛውን የምትችለው አይመስለኝም፤ ፈርቻለሁ። ርጭቱን እንዲያስቀሩልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከማያልቅ አክብሮትና ካለቀ ጉልበት ጋር፣
ሉልሰገድ ግደይ
የተከሳሹ ጉበት ባለቤት ባል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የኮሚቴው ቢሮ ትኋን በገባበት ጊዜ፣ የመድኃኒቱ ሽታ ራስዎን ስለሚያምዎ፣ በፈላ ውሃ ብቻ እንደጸዳ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ለተኪዳን ነግረውናል። ርጭቱ ካልቀረ ረቡዕ ጠዋት ዓለምጸሃይን ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ፤ ፍራሽ የራሳችንን እናመጣለን።