በመጋቢት ተለቆ በግንቦት ስላልተለቀቀው ፕላትፎርም

ለተከበሩ አቶ አሸናፊ ይታያል፣
የደጋው ዲጂታል ማበልጸጊያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ደብረ ማርቆስ

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለቢሮዎም የማይቋረጥ ኔትወርክን እየተመኘሁ፣ በከተማችን ሶፍትዌር በመሥራት የምተዳደር ቢተው እንዳላማው የተባልሁ ዜጋ ሦስት ምስጋናዎች በአደባባይ ላቀርብ ደፍሬያለሁ።

1. መጋቢት 12 ቀን ሪባን ቆርጠው፣ ሶፍትዌር ሠሪዎች ሁሉ መተግበሪያዎቻቸውን የሚያስኬዱበት አዲሱ ፕላትፎርም «ከዛሬ ጀምሮ ተለቋል» ብለው ስላበሠሩን እናመሰግናለን። በማግስቱም የቀድሞው በአሥር ቀን ውስጥ ስለሚዘጋ ሥራችንን ወደ አዲሱ እንድናዛውር በማኅተም አዘዙን። በማዕከልዎ ተቀጥራ የምትሠራው የሙያ ባልደረባዬ አመተ ሥላሴ ወልደ ገብርኤል የገጠር ጤና ጣቢያዎች አምቡላንስ የሚጠሩበትን መተግበሪያ ሠርታ ሦስት ዓመት ያለ እንከን ያቆየች ሴት ናት፤ እርሷም እንደ ታዘዘችው አዛወረች።

2. አዲሱ ፕላትፎርም ጥሪውን ይቀበላል እንጂ ለሾፌሩ እንደማያደርስ በሦስተኛው ቀን ደረሰችበት። ቢሮዎ ድረስ መጥታ፣ ይህ እስኪስተካከል የቀድሞው እንዳይዘጋ ለመነችዎ። እርስዎም በትዕግሥት ካዳመጧት በኋላ፣ «የተለቀቀን ነገር አልተለቀቀም ማለት ሕዝብ ማደናገር ነው» ብለው ስላስተማሯት፣ የቀድሞውንም በቀጠሮው ቀን ስለ ዘጉት፣ ቃል አክባሪነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

አመተ ሥላሴ ጤና ጣቢያዎቹን በየስልካቸው እየደወለች አስጠነቀቀች። ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን አንዱን ግን መስመር እንቢ ብሏት ሳታገኘው ቀረች። ሚያዝያ 9 ቀን እዚያ ካሰች የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ደም ፈሰሳት። አዋላጇ አምቡላንስ ጠራች፤ ስክሪኑም «ጥሪዎ ተልኳል» አላት፤ ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቀው ሲያበቁ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ላይ አደረሷት። ካሰች ተርፋለች። ልጇ አልተረፈም።

3. ከሁሉ የላቀው ምስጋናዬ ግንቦት 6 ቀን ስለ ፈረሙት ውሳኔ ነው። ውሳኔው ፕላትፎርሙ ለሙከራ የቀረበ እንጂ በይፋ ያልተለቀቀ መሆኑን ያስረዳና፣ ባልተለቀቀ ነገር ላይ የሰው ሕይወት ያስቀመጠችው ባለሙያ ተጠያቂ መሆኗን ገልጾ ከሥራ ያግዳታል። ደብዳቤውን ስታነብ አብሬያት ነበርሁ። አላለቀሰችም። «በእግሬም ቢሆን ሄጄ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር» አለች።

ክቡር ሆይ፣ የመጋቢቱም የግንቦቱም ደብዳቤ የእርስዎን ፊርማ ስለያዘ፣ እኛ ተርታ ሰዎች የትኛውን እንደምናምን ግራ ገብቶናል። ተለቆ ከነበረ ሴትዮዋ በምን ጥፋት ታገደች? ያልተለቀቀ ከነበረስ የሚሠራውን ለምን ዘጉት? ከሁለቱ አንዱን በፈቀዱት ቀን እንዲሽሩልን በትሕትና እንለምናለን።

በሁለቱም ፊርማዎችዎ ፊት እኩል አጎንብሼ፣ መቼም የማይለቀኝን አክብሮቴን አቀርባለሁ፤
ቢተው እንዳላማው

ማስታወሻ፦ ካሰች ገና ጉልበቷ ሳይጠና፣ አመተ ሥላሴን ልታጽናናት ከአምበር ድረስ ባለፈው እሑድ መጥታ ነበር። ከእርስዎ ቢሮ እስከ አመተ ሥላሴ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው።