በፈተናው ሰዓት ያነጋገርኩት ሰው

ማርታዬ፣

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ የንግድ ትምህርት ቤቱን የመግቢያ ፈተና ስፈተን ከአዳራሹ አስወጥተው ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ። ተቆጣጣሪው በወረቀቴ ራስጌ ላይ «ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግሯል» ብሎ በቀይ ጻፈበት።

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እስካሁን አንድ ቃል አልጻፍኩልሽም። የምነግርሽ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ሰው ለሞተ ሰው መጻፍ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ግን ነገሩ አንቺን ይመለከታል፤ ከሌላ ሰው አፍ ከመሰማቱ በፊት ከእኔ ስሚው።

በመጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ለውጠነዋል። ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም፤ አንቺ ብትኖሪ ሣሩን አስመልሰሽ ታስከድኚን ነበር። ከጓሮ ካሉት እንሰቶች ትልልቆቹን እህትሽ መጥታ ፍቃልናለች። ሣራ ዲምቱ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ተቀጥራለች። ወባው አንቺን የያዘሽ እዚያው ቆላ ስለሆነ እንዳትሄድ ለምኜ ነበር፤ ልጅሽ አይደለች፣ ሄደች። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ትመጣለች፤ አቧራዋን ሳታራግፍ የቤቱን ጉድለት መቁጠር ትጀምራለች።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። መጋዘን ስሆን ቤት ያሰኘኛል፤ ቤት ስገባ መጋዘኑን ሳልቆልፍ የመጣሁ ይመስለኛል። ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ እሄድና እኩሌታው ላይ ለምን እንደወጣሁ ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። ጎረቤቶች መጀመሪያ ላይ ወዴት ነው ይሉኝ ነበር፤ አሁን ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ያሳልፉኛል።

ፈተናው የመጣው በሀጂ ሸምሱ ምክንያት ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ የእህል መጋዘናቸውን የያዝኩላቸውን ጌታዬን ታውቂያቸዋለሽ፤ ስልጤነታቸውም ቀልዳቸውም እንዳለ ነው። አሁን በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ሌላ መጋዘን ከፍተዋል። ብድሩን የሚሰጠው ባንክ የተማረ ሥራ አስኪያጅ አሳዩኝ አላቸው። ከጆንያው ላይ አስቀምጠውኝ፣ «አንጁሎ፣ አንተ እህሉን ታውቀዋለህ፤ ሰዉንም ታውቀዋለህ። ባንኩ ግን የሚያውቀው ወረቀት ነው። ወይ ወረቀት ይዘህ ና፣ ወይ ወረቀት ያለው ልጅ አመጣብሃለሁ» አሉኝ። ቅር አላለኝም። ሆኖም የሣራ እኩያ ለሆነ ልጅ ቁልፍ እያቀበልኩ ስኖር ታየኝ። የንግድ ትምህርት ቤቱ በሥራ ላይ ለቆዩ ሰዎች የአንድ ዓመት ትምህርት ከፍቷል፤ የመግቢያ ፈተናውን ያለፈ ይገባል። ተመዘገብኩ።

ሒሳቡ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ንባቡ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ይሰጡሻል፤ አንብበሽ ጥያቄ ትመልሻለሽ፤ ይህ ሁሉ በዝምታ ነው።

እኔ ደግሞ በዝምታ አንብቤ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሣር በተከደነችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሁላችንም በአንድ ድምፅ ነበር የምናነበው፤ ዝም ያለ ሰው ተኝቷል ተብሎ በአርጩሜ ይነካ ነበር። ከዚያ አንቺን አገባሁ። አንቺ ጓሮ እንሰት ስትፍቂ እኔ በርጩማዬን ይዤ እመጣና ያገኘሁትን ሁሉ አነብልሻለሁ፤ ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የአውራጃውን ማስታወቂያ፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቀረውን የእንግሊዝኛ መጽሐፌን። ፊደል አታውቂም ነበር፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጠይቂ አታሳልፊኝም። እጅሽን ሳታቆሚ በወላይትኛ «ምን አለ?» ትያለሽ። በወላይትኛ ስመልስልሽ ያልገባኝ ቦታ ላይ ምላሴ ይያዛል። አንድ ቀን ስለ ቡና ገበያ የተጻፈ አንድ ሙሉ ዓምድ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩና ስትጠይቂኝ «ጥሩ ነገር ነው ያለው» ብልሽ፣ «ጥሩነቱንማ ከድምፅህ ሰማሁ፤ ነገሩን ንገረኝ እንጂ!» ብለሽ እንሰቱ ከእጅሽ እስኪወድቅ ሳቅሽ። ያን ዓምድ እንደገና ከላይ ጀመርኩት። ዛሬም አልረሳሁትም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጋዜጣ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ዓይኔ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ ውሃ በጎዳሬ ቅጠል ላይ እንደሚወርደው ነው፣ አንዲት ጠብታ አትቀርም።

ሣራ ልታስተምረኝ ተነሳች። እርሳስ በጥርሴ አስነክሳ መጽሐፉን ፊቴ ትዘረጋለች። «አባባ፣ ከንፈርህ አሁንም እየሄደ ነው» ትለኛለች። ከንፈሬን ስይዘው ጉሮሮዬ ይንቀሳቀሳል። መጋዘን ውስጥ በምሳ ሰዓት ስለማመድ ሀጂ ገቡና ጉንጬን አይተው፣ «ምነው፣ ንብ ዋጥክ እንዴ? ትፋው እንጂ!» አሉኝ። ተሸካሚዎቹ ሁሉ ሳቁ። ክረምቱን እንዲህ ከረምኩ። በመጨረሻ አጭር ጽሑፍ ከሆነ ትንፋሼን ውጬ መጨረስ ቻልኩ፤ ሣራም «ይበቃል፣ ታልፋለህ» አለችኝ። በሻሸመኔ በኩል አዲስ አበባ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነበርኩ። ሒሳቡን ጨረስኩ። ንባቡ ስለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አንድ ጊዜ በዝምታ አነበብኩት፤ ምንም የለም። ደገምኩት፤ ጆሮዬ ጋለ። ወጣቶቹ ወረቀት ሲገለብጡ እሰማለሁ። ከዚያ አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰማሁ፤ ነገሩም እየገባኝ መጣ። ተቆጣጣሪው ትከሻዬን ሲነካኝ ነው ተናጋሪው እኔ መሆኔን ያወቅኩት። ክራቫት ያሰረ ትሑት ወጣት ነው። «አባት፣ ሌሎቹን እየረበሹ ነው» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሁለተኛም ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ አዳመጠኝና «ይህ ምን ቋንቋ ነው?» አለ። ወላይትኛ ነው አልኩት። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ አየው፤ ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። «ታዲያ መልሱን ለማን ነው የሚነግሩት?» አለኝ ተቆጣጣሪው።

ማርታ፣ ከፈተናው ሁሉ የከበደኝ ያ ጥያቄ ነው።

ተቆጣጣሪው ክፉ ልጅ አይደለም። ወረቀቴን ነጥቆ ሊያባርረኝ ይችል ነበር። ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ «ይጨርሱት፤ ይታረም አይታረም ግን እኔ አልወስንም» አለኝ። እዚያ የሚከለክለኝ አልነበረም። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ። በየዓረፍተ ነገሩ ጠየቅሽኝ፤ በየዓረፍተ ነገሩ መለስኩልሽ። ሁለት ቦታ አስመለስሽኝ፤ ሁለቱም ቦታ ተሳስቼ ነበር። ሰዓቱ ሳይደርስ ጨረስኩ።

ከዚያ ጽሕፈት ቤት አስገቡኝና በፈተናው ሰዓት ከማን ጋር እንደተነጋገርኩ በጽሑፍ እንዳስረዳ፣ ቃሌም እስከ ዓርብ እንዲደርሳቸው ነገሩኝ። ወረቀቴ ይታረም እንደሆነ ቃሌን አይቶ የሚወስነው የፈተናው ኮሚቴ ነው። ኩረጃ ነው ካለ ሁለተኛ አልፈተንም።

ሶዶ ስደርስ ሀጂ የመኪናው መቆሚያ ላይ ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ገቱ። «ከሞተች ሚስቴ ጋር ብለህ ልትጽፍ? እብድ ነው ይሉሃል! ለእብድ ደግሞ መጋዘን አይሰጥም። ጸሎት ላይ ነበርኩ በል። ጸሎትን ማን ይከለክላል?» አሉኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወደ አቶ ሳና ይዤው ሄድኩ። እሳቸው የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «አንጁሎ፣ ሙታንን መጥራት ክልክል መሆኑን አንተው ራስህ ከመድረክ አንብበህልናል» አሉኝ። «አልጠራኋትም፤ አነበብኩላት» አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ጸሎት ነበር ብዬ ልጻፍ ወይ ስላቸው ግን «ጸሎት ካልነበረ ጸሎት ነበር አይባልም» ብለው ሸኙኝ። እንዲህ ሆኖ እውነቱም ውሸቱም አስፈሪ ሆነብኝ።

ሣራ የፈተናውን ወሬ ልትጠይቅ ቅዳሜን ሳትጠብቅ ረቡዕ ስትመጣ ወረቀቱ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጓሮ እስከ ደጅ ስመላለስ አየችኝ። የሀጂን ምክር ነገርኳት፤ የአቶ ሳናን ነገርኳት። እሷ ወረቀቱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «አባባ፣ እኔም ክፍል ውስጥ ልጆቹ አንብበው ሲጨርሱ ‹ምን አለ?› እላቸዋለሁ፤ ከማሠልጠኛው የተማርኩት ይመስለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ምሳ ልታቀርብ ገባች።

ቆሜ ጻፍኩት። «የተነጋገርኩት ከባለቤቴ ከወይዘሮ ማርታ ጋር ነው። በሕይወት የለችም። ስታነብብ ምን እንዳነበብክ ንገረኝ ብላ ያስለመደችኝ እሷ ናት። አዳራሹ ውስጥ ለነበረ ሰው መልስ አልሰጠሁም» ብዬ ፈረምኩ። ሐሙስ ጠዋት ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠሁት። መኪናው ጠመዝማዛው ጋ ሲደርስ ሮጬ ላስቆመው ነበር፤ አንድ እግሬ ሄደ፣ አንዱ ቆመ።

ሀጂ እስካሁን አላናገሩኝም ማለት ይቻላል። «የራስህን ጉድ አንተው ታውቃለህ» ብለው የመጋዘኑን ቁልፍ እስከ መልሱ እንድይዝ ፈቀዱልኝ። ወረቀት ያለው ልጅ ማመልከቻውን አስገብቷል፤ አይቼዋለሁ፣ ጽሕፈቱ ያምራል።

እኔ እንደሆንኩ ከግቢ እስከ አስፋልት እየተመላለስኩ ነው። ቢታረም አዲስ አበባ አንድ ዓመት እቀመጣለሁ፤ ባይታረም ቁልፉን አስረክባለሁ። ሁለቱንም ሳስብ ልቤ አያርፍም። አንቺን ማስታወሴን ግን፣ መጋዘን ቢያስገኝልኝም ባያስገኝልኝም፣ ለማንም ስል በሌላ ስም አልጠራውም። ይህን ቃሌን ያዢልኝ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ካለፈ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው።

አንጁሎ