መንገድ መሪዋ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከማስቸገሩ በስተቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ሰላም ይልሻል።

በወጣቶች ማዕከሉ አዲስ ነገር ጀምሬያለሁ። ከሰው ጋር መግባባት የሚከብዳቸው አምስት ልጆች አሉኝ። ክብ ሠርተን "ሰላምታ እንለማመድ" እያልኩ ሳደርቃቸው ከረምኩ፤ እነሱም ጫማቸውን ሲያዩ ከረሙ። የማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አይታኝ ኖሮ አንድ መጽሐፍና ዳይስ የሚሉትን፣ ሃያ ጎኑ ላይ ቁጥር ያለበትን መጣያ ጠጠር አመጣችልኝ። ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናል፤ ተራኪው "ድልድዩ ተሰብሯል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል፤ እነሱ ተመካክረው ይመልሳሉ፤ መሳካቱን ዳይሱ ይወስናል። ተራኪዋ እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ሳቂብኝ።

በመጀመሪያው ቀን አፈርኩ። ሕጉን ሳነብላቸው አርባ ደቂቃ ፈጀሁ። ጠይቄ ዝም ሲሉ፣ ራሴው መለስኩላቸው። ስንጨርስ የቤተ መጻሕፍቱ ሴት "ጥሩ ተጫወትሽ። እነሱ መቼ ነው የሚጫወቱት?" አለችኝ። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

በሳምንቱ መጽሐፉን ዘጋሁና ድልድዩ ጋ አቆምኳቸው። ራሴው እንዳልመልስ ምላሴን ነከስኩ። ከመጣች ጀምሮ ቃል ያልወጣት የአንድ አናጢ ልጅ፣ "እኔ መንገድ መሪ ነኝ" አለች። "ከታች መሻገሪያ አውቃለሁ። ተከተሉኝ።" ተከተሏት።

በአራተኛው ሳምንት አናጢው ራሱ መጣ፤ እጅጌው ላይ ሰጋቱራ አለ።

"ልጄን ያመጣኋት ሰው እንድትሆን ነው፤ ተረት እንድትጫወት አይደለም" አለኝ።

"እንግዲያው ዛሬ አብረውን ይቀመጡ" አልኩት።

እያቅማማ ተቀመጠ። መንገደኞቹን የሚያስቆም የኬላ ጠባቂ አደረግኩት። ልጆቹ ሲደርሱ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ "ማን ናችሁ? ተናገሩ!" አለ። ማስመሰል አላስፈለገውም። ሁሉም ተሸማቀቁ። ልጅቷ ዓይኗን ሳታነሳ፣

"ጠባቂ፣ ስትጮህብኝ ቃሉ ከአፌ ይጠፋል። ቀስ ብለህ ጠይቀኝ፤ እነግርሃለሁ" አለችው።

ዳይሱን የነካ ሰው የለም። አናጢው እጁን ከጠረጴዛው አወረደ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወዴት ነው የምትሄዱት... ልጄ?" አላት። ጠበቃትም። እያቋረጠች፣ እየቀጠለች፣ ነገረችው። አንዴም መሃል አልገባባትም። ሲወጡ "የሚቀጥለው ሳምንትስ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ የጠየቀው እሷን እንጂ እኔን አልነበረም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወንበሮቹን ሳነሳ አንቺን እያሰብኩ ብዙ ቆየሁ። ልጅ ሳለሽ ሰው ስምሽን ሲጠይቅሽ ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። "ዓይናፋር ናት" እል ነበር፣ አጠገቤ ቆመሽ እየሰማሽ። ትምህርትሽንም የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ። "እሺ" ስትይኝ የተስማማሽ ይመስለኝ ነበር። የምትሄጂ ቀን በሩ ላይ አንድ ነገር ልትነግሪኝ ጀምረሽ ነበር፤ እኔ ግን አቋርጬሽ ስለ ሹራብ አወራሁ።

ድምፅሽን ከሰማሁ ሁለት ዓመት አለፈ። አልተቀየምኩሽም። ሰው "ልጅሽ ምነው ጠፋች?" ሲለኝ "ሥራ በዝቶባት ነው" እያልኩ ኖሬያለሁ። ባለፈው እሑድ የታችኛዋ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ይዛኝ ደግማ ጠየቀችኝ።

"እኔ አላውቅም" አልኳት። "የምታውቀው እሷ ናት።"

አባትሽ ከኋላዬ ነበር። ዘንቢሉን ከእጄ ተቀበለኝ፤ አብረን ወጣን።

ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ። ክፉ አይንካሽ። ስትናገሪ የሚያደምጥሽ ሰው አይጥፋ።

እናትሽ