ሶኬቱን አትንቀይ

እህትዓለም፣

ኮምፒውተሩ አልሞተም። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ሊኑክሱ፣ እየታደሰ ነው። እስኪታደስ ድረስ ፕሪንተሩን አላውቅህም ብሎታል፤ አንቺ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ነገ ጠዋት ታስረክቢያለሽ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚሮጠው ነጭ ጽሑፍ ቫይረስ አይደለም። በራሱ ጠፍቶ በራሱ ይነሳል፤ እጅሽን ሰብስበሽ ጠብቂ።

ሶኬቱን አትንቀይ።

ባለፈው እድሳቱ መሃል ላይ ለካውያሽ ብለሽ ነቀልሽው። እኔ ቅዳሜዬን ሙሉ ስጠግነው ዋልኩ፤ አንቺ «ይሄ ሊኑክስሽ ድሮም አመለኛ ነው» አልሽ።

ያኔ ተናድጄ የመለስኩልሽን በተመለከተ…
ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ኪቦርዱ ሥር ነው።

ሲነሳ መጀመሪያ አንድ ገጽ አትሚ። ከሠራ ሁሉንም አትሚ፤ ካልሠራ ደውይልኝ፣ ምንም ነገር አትነካኪ።

የነገ ሸሚዝሽን ተኩሼዋለሁ። ስለዚህ ሶኬቱ ጋ ምንም ጉዳይ የለሽም።