ለእናትሽ በሶብላ የሠራሁት መብራት

ውድ ልጄ ሉቢንካ፣

ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁብሽ አትቀየሚኝ። ተናድጄ ነው የዘጋሁት፤ ንዴቱም ገና አልወጣልኝም። በስልክ ከሆነ እኔ አንዱን ሳልጀምር አንቺ ሦስቱን ትጨርሻለሽ፣ ወረቀት ግን አያቋርጠኝም ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ፊደሉ ቢንጋደድ ቻዪው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ዶማ እንጂ እርሳስ አይደለም።

"አባዬ፣ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ በኤሌክትሪክ ከምትጫወት፣ ለእማዬ ሙት ዓመት እኔ ከአዴሌድ ገበያ አንድ እቅፍ በሶብላ ገዝቼ አመጣለሁ" አልሽኝ። ያን ጊዜ ነው የዘጋሁት።

የገበያው በሶብላ ቅጠሉ እንደ ጎመን ሰፊ ነው። የእናትሽ ቅጠሏ ጥቃቅን ናት፤ አንዴ ከነካሻት ሽታዋ እስኪመሽ ከጣትሽ አይለቅም። ዘሩን ከአገር ቤት ስትመጣ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው። በየዓመቱ ደጃፋችን ላይ መስኮቱ ሥር ትዘራ፣ ዘሩን ትለቅም፣ ቀሪውን አስራ ታደርቅ ነበር። እዚህ ኩበር ፒዲ መንደር ያለን ሰርቦች ሁሉ ለቅዱሳችን ዝክርም፣ ቄሱ ቤት በጠበል ሲረጭም፣ መቃብር ስንወጣም የምንይዘው የእሷን ነበር። በመጨረሻው ዓመት ታመመችና ሳትዘራ ቀረች። የደረቀውን የመጨረሻ እስር አንቺው ነሽ እጇ ላይ ያስቀመጥሽላት፤ አብሯት ተቀበረ። ለእኔ የቀረኝ በመሐረቡ ጫፍ ያለችው ዘር ብቻ ነበረች። ታዲያ ስታኖይካን፣ አገሩን ሁሉ በሶብላ ስታስይዝ የኖረችውን ሴት፣ በገዛ ሙት ዓመቷ በሱቅ ቅጠል ላስረጫት? አይሆንም ልጄ።

ያስቸገረኝ ወሩ ነው። ሙት ዓመቷ ጁላይ ላይ ይውላል። በአውስትራሊያ በረሃ በዚያ ጊዜ ውጭው ሌሊት በውርጭ ያቃጥላል፣ ቀን ነፋሱ አሸዋ ይዞ ይጋረፋል። ከመሬት ሥር ባለው ፍልፍል ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ዓመት እስከ ዓመት አይለወጥም፤ ፀሐይ ግን ከደጃፉ አልፋ ገብታ አታውቅም። የኦፓል ዕንቁ ፍለጋ ከመሬት በታች ብርሃን ማስገባት ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ስለሆነ፣ ይሄንንም እሠራዋለሁ አልኩ።

እናትሽ ትሰፋበት የነበረውን ትንሹን ክፍል መረጥኩ። ጉድጓድ ልንከፍት ስናስብ እንደምናደርገው ንድፉን እዚያው ግድግዳው ላይ በአናጢ እርሳስ ሣልኩት። ከአሮጌ ቧንቧ አራት እግር ያለው ማቀፊያ ሠራሁ፤ በላዩ እንደ ድንኳን አድርጌ ብርሃን የሚመልስ ብርማ ሸራ ላለብሰው አሰብኩ። ሸራውን ልገዛ ዕቃ መሸጫው ስሄድ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ ምን ሊያበቅሉበት ነው?"

"በሶብላ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ።"

"የኔ ለቄስ ነው።"

"እንግዲያው ለቄሱ ቀስ ብለው እንዲያጨሱት ይንገሩልኝ" አለችና ሸራውን ጠቀለለችልኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ቤት መጥቼ ለፓንደሊስ፣ ለጎረቤታችን ለግሪኩ፣ ስነግረው ሳቁ ጥሎት ወንበር ፈለገ። ለካ እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ሰው የሚያበቅለው ሐሺሽ ነው።

"ፖሊስ ሲመጣ እኔ አላውቅህም" አለኝ።

"ፖሊስ ከመጣ አለቃው ይሄ ነው ብዬ አንተን ነው የማሳየው።"

መብራቱ በፖስታ መጣ። ኤልኢዲ የሚሉት እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ነገር ነው፤ መቀስ የሚያርፍበት ምልክት አለውና በፈለግሽው ልክ ትቆርጭዋለሽ። ጀርባው ላይ ማጣበቂያ አለው። ፓንደሊስ ሳንቃ ላይ ለጥፈህ ገላግለን ቢለኝም እምቢ አልኩ፤ ጥብጣቡ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ካጣ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። የአሮጌ መስኮት አሉሚኒየም ቆርጬ በዚያ ላይ ለጠፍኩት። ሁሉንም ጫፍ ለጫፍ ቀጥሎ በአንድ ሽቦ ማብራትም ይቻል ነበር። ግን በረጅም ዋሻ ውስጥ የመጨረሻው አምፖል እንዴት እንደሚቀላ አይቼ አውቃለሁ፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ረድፍ ኃይሉን ከሚያወርደው ትራንስፎርመር የራሱን ሽቦ ሰጠሁት። ረድፍ ከረድፍ አራት ጣት አራራቅሁ፤ ከቅጠሉ በላይ ደግሞ ሁለት ስንዝር አንጠለጠልኩት፤ ተክሉ ሲያድግ ከፍ የሚያደርገው ሰንሰለት አበጀሁለት።

ሳበራው ፓንደሊስ ዓይኑን በእጁ ጋረደ።

"አንተ ሰውዬ፣ በሶብላ ነው ወይስ አውሮፕላን ልታሳርፍ ነው?"

"አንተ በዕድሜህ ምን አብቅለህ ታውቃለህ?"

"ጢም።"

ዘሩን ሁሉ ዘራሁት። ትንሽ እንኳ አላስቀረሁም፤ አርጅቷል፣ ገሚሱ ላይበቅል ይችላል ብዬ ነው። በቀለ። አፈሩ ላይ ያቺን የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ሳይ ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ፣ ወገቤ እምቢ እስኪለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገር የተበላሸው። ቅጠሉ ገረጣ፣ ጫፍ ጫፉ ተቃጠለ፣ እየተጠቀለለ መርገፍ ጀመረ። ውሃ ነው ብዬ ቀነስኩ። መብራቱ ቀርቦት ነው ብዬ ሰንሰለቱን ሳብኩ። አፈሩን ቀየርኩ። በየማለዳው የሞተ እነቅላለሁ። አንቺ የደወልሽው በዚያ ሰሞን ነው፤ ምን ይዞኝ እንደጮኽኩብሽ አሁን ይገባሻል። ሌላ ዘር እንደሌለ አልነገርኩሽም ነበር።

ፓንደሊስ አንድ ቀን ወደ ማታ መጥቶ ድንኳኑን ገለጥ አድርጎ አየ። በዚያ ቀን አልቀለደም።

"እነዚህ መቼ ነው የሚተኙት?"

"ምኖቹ?"

"መብራቱን መቼ ታጠፋላቸዋለህ?"

"አላጠፋም።"

"ሌሊትስ?"

"ሌሊትም።"

"ራዶዬ፣ በእግዜር፣ ዶሮም እኮ ጨለማ ይሰጣታል" ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። እኔም እጁን ያዝኩት። አጥብቄ ነው የያዝኩት፣ ሳላስበው።

"ተወው" አልኩት።

"ለምን?"

"ተወው አልኩህ።"

ወጥ ቤቱን አየ፣ መተላለፊያውን አየ፣ የመኝታ ቤቱን በር አየ። ሁሉም ቦታ መብራት በርቷል። ያን ጊዜ ገባው፤ እጁንም ከእጄ አላስለቀቀም። እሱም እንደ እኔ ኦፓል ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው።

የሥራችንን ልማድ አንቺም በልጅነትሽ ታውቂዋለሽ። ከታች ሰው ካለ መብራት አይጠፋም። ማጥፊያው ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው አስቀድሞ ስም ይጠራል፣ ቆም ብሎ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይጠራል። መልስ ካለ መብራቱን ይተዋል፤ ከሌለ ያጠፋል። እናትሽ ቤት ውስጥም እንደዚያው ነበረች። ማታ ማታ ከወጥ ቤት "ራዶዬ!" ትላለች፤ እኔ ከጓዳ "አለሁ" እላለሁ። እኔም ሳጠፋ እሷን እጠራለሁ። ከተቀበረች ወዲህ በዚህ ቤት አንድም መብራት አላጠፋሁም ሉቢንካ። ለማጥፋት መጥራት አለብኝ። ጠርቼ ደግሞ ዝምታውን መስማት አልፈለግሁም። ድንኳኑንም ሳበራው አላሰብኩበትም፤ እንደ ቤቱ መብራት ሁሉ እሱም በርቶ ቀረ። እንዲህ አድርጌ የእሷን በሶብላ በብርሃን ልገድለው ነበር።

"ጥራትና አጥፋው" አለኝ ፓንደሊስ።

"አንተ ውጣ።"

"እወጣለሁ። ደጅ ነኝ።"

ወጣ። እኔም ማጥፊያው ላይ እጄን አደረግሁና "ስታኖይካ" አልኩ። ቆም ብዬ ደግሞ ጠራሁ። አዳመጥኩ። የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል፣ ከደጅ የፓንደሊስ ሳል ይሰማል። ሌላ የለም። አጠፋሁት። መተላለፊያውንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ መኝታ ቤቱንም እንደዚያው እየጠራሁ አጠፋሁ። የፍልፍል ቤት ጨለማ እንዴት ያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ዓይንሽን ብትከፍቺውም ብትጨፍኚውም አንድ ነው። ግድግዳውን እየዳበስኩ ወደ ድንኳኑ ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በጨለማው ውስጥ ሽታው መጣልኝ። ያ ሁሉ ብርሃን ባለበት ሰሞን አንድም ቀን አልሸተተኝም ነበር። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማንም አትንገሪ።

ፓንደሊስ በማግስቱ በሰዓቱ ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት ይዞልኝ መጣ። መለስኩለት። ማታ ማታ ራሴ እየጠራሁ አጠፋለሁ። ጧት ስነሣ ደግሞ አበራለሁ።

አብዛኛው ሞቷል። ከተረፉት ጥቂቶቹ ግን አዲስ ቅጠል እያወጡ ነው፣ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ፣ አረንጓዴያቸው የጠራ። እቅፍ አይሞላም። ለቀኑ ከአዴሌድ የሚመጡልንን ቄስ፣ አባ ስፓሶዬን፣ ደውዬ "አባ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ብትሆን ምን ይላሉ?" አልኳቸው።

"ራዶዬ፣ የማን ዘር ናት?"

"የስታኖይካ።"

"እንግዲያው ሌላ ምን ፈለግህ?" አሉኝ።

አንዷን ተክል ግን አልቆርጥም፤ አብባ ዘር ትስጥ። ዘሩን እንካፈላለን። አንቺ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ያለሽ ሰው ነሽ፣ እኔ በሽቦ እታገላለሁ፤ ከሁለት በአንዱ ቦታ ይተርፋል።

አሁን የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርሽ። ለሙት ዓመቱ የሚቀቀለውን ስንዴ እኔ አልችልበትም። ሞከርኩ፤ የመጀመሪያው ጥሬ ሆነ፣ ሁለተኛው ሙክክ ብሎ ገንፎ ሆነ። የፓንደሊስ ውሻ እንኳ አሽትቶ ሄደ። እናትሽ ከስኳሩና ከዋልነት ለውዙ ጋር እንዴት እንደምታዋህደው ስታይ ያደግሽው አንቺ ነሽ። በቀኑ ደርሰሽ በቀኑ የምትመለሺ ከሆነ ምንም አልልም፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራም አለብሽ። ከቻልሽ ግን ቀደም ብለሽ ነይና አብረን እንቀቅለው። አልጋሽ ተነጥፏል። እለምንሻለሁ ብዬ መጻፍ አልወድም፤ እንዲህ ካልኩሽ ይበቃል።

ስትደርሺ መተላለፊያው ጨለማ ሆኖ ብታገኚው እንዳትደነግጪ፤ አሁን አጠፋለሁ። ደጃፉ ላይ ቁሚና ስሜን ጥሪ። እመልስልሻለሁ።

አባትሽ ራዶዬ